ፍርድ ያልተፈረደባቸው ሕፃናት የሚሮጡበት ሜዳ

ሕፃን በአፉ ከመናገሩ አስቀድሞ በእጁና በእግሩ ይናገራል። ይንፈራገጣል፤ ይድሃል፤ ይቆማል፤ ይወድቃል፤ ደግሞም ይነሣል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ ፈጣሪው በባሕርዩ ያኖረለት ነው። አጥንቱ የሚጸናው፣ ሥጋው የሚጠነክረው፣ አእምሮውም የሚከፈተው በዚሁ እንቅስቃሴ ስለ ሆነ ሕፃንን ከመሮጥ መከልከል ቡቃያን ከፀሐይ እንደ መከልከል ይቈጠራል።

ይህ ነገር ለማንም የተሰወረ አይደለምና ስለ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን የሚከተለው ነው። በዋና ከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ፣ ፋብሪካና የጭነት መኪና በሚበዛበት በአቃቂ ቃሊቲ ምድር የተሠራው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስለ እስረኞቹ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ዳሩ ግን በዚያ አጥር ውስጥ አንድም በደል ሳይሠሩ፣ በዳኛም ፊት ሳይቆሙ የኖሩ አሉ። እነርሱም እናቶቻቸው በታሰሩ ጊዜ የሚያሳድጋቸው ዘመድ በመታጣቱ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የገቡ፣ ወይም እናታቸው በእስር ላይ ሳለች የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ማረሚያ ቤቶችን በሚጐበኝበት ጊዜ ከእናቶቻቸው ጋር ስለሚኖሩ ሕፃናት ሲያሳስብ ቆይቷል። ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለነዚህ ሕፃናት እግር ነው፤ ትምህርት ቤትም ለዚህ እግር ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ነው።

በነገሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት በውጭ ያለው ሕፃን በምን እንደሚጠነክር እንመልከት። በባላገር የሚያድግ ልጅ ገና ጥርሱ ሳይነቀል ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከብት ያግዳል፤ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል። በከተማም ያለው ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ በመንደሩ መካከል ኳስ ይራገጣል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል፤ በገናም ቀን በገጠር ጎረምሳው ሁሉ ገናውን ይዞ ሩርን ተከትሎ ሜዳ ለሜዳ ይሮጣል። ለነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ቢሰንፍ እንኳ መንደሩ ይክሳል፤ መንደሩ ቢጠብም መስኩ ይክሳል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤታችንም ቢሆን አካልን አቦዝኖ አእምሮን ብቻ ያሠለጠነበት ዘመን አልነበረም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በእግሩ ይጓዝ ነበር። ከመምህሩ ዘንድ ከደረሰ በኋላም ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መስበርና በየመንደሩ እየዞሩ መለመን ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም ነበር። የአቋቋም ትምህርት ራሱ መቋሚያን ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አስማምቶ በእግር የሚጸና ትምህርት ነው። ስግደትም ያለ ጉልበትና ያለ ወገብ አይፈጸምም። እንግዲህ ካህናት አባቶቻችን ዕውቀትን ያገኙት ሰውነታቸውን እያደከሙና እያጠነከሩ ነው ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን ይኸው ይታያል። በአርሲ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ለመመለስም እንዲሁ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበረ፣ ደብተሩንም በግራ እጁ ይይዝ ስለ ነበር ዓለም ባየው በሩጫው ሜዳ ግራ ክንዱ እንደ ታጠፈ መቅረቱን ዓለም ሁሉ የሰማው ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያም በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር የተገኘው ወርቅ ሥሩ ከዚያ መንገድ ጭምር ነው። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታሸንፍ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እስከ ዕረፍታቸው ድረስ መሩ። የትምህርት ቤት መንገድና የትምህርት ቤት ሜዳ ለአገር ስንት ፍሬ እንደሚያፈሩ ከነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ልጅ ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች እንዲሆን ብለን አንጽፍም። የምንለው ጤናው የተጠበቀ ሰው እንዲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየቀኑ ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለት 3 ሰዓት፣ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ሊያሳልፉ እንደሚገባ ነግሮናል። 3 ዓመት ከሞላቸው በኋላም ከዚሁ ውስጥ 60 ደቂቃው ልብን የሚያስመታ፣ ትንፋሽን የሚያስረዝም ሩጫና ዝላይ እንዲሆን ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉትም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በአማካይ በየቀኑ 60 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ይገባቸዋል ብሏል። ዳሩ ግን ዓለም ከዚህ ልክ ወደ ታች ወርዳለች። በ146 አገሮች የሚገኙ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን ጉዳይ መርምሮ በ2012 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከ100 81ዱ የሚበቃቸውን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ አስታውቋል። ከሴቶች ልጆች ከ100 85ቱ፣ ከወንዶቹ ከ100 78ቱ በዚህ ጉድለት ውስጥ ናቸው። ይህ ሁሉ የተነገረው በነጻነት ስለሚኖሩት ልጆች ነው።

ትምህርት ቤት የልጅን እንቅስቃሴ የሚያበዛው ወይም የሚያሳንሰው በአራት ነገር ነው ብለን እናስባለን። መጀመሪያው ሜዳ ነው። ልጅ ከጣራ ሥር ይልቅ በአየር ላይ አብልጦ እንደሚሮጥ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የዕረፍት ጊዜ ካጠረ ወይም በቅጣት ከተወሰደ ሜዳው ቢኖርም ባዶውን ይውላል። ሦስተኛው መምህር ነው። ኳስ ወርውሮ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ዳር የቆመችውን ዓይነ አፋር ልጅ በስሟ ጠርቶ ወደ ጨዋታው የሚያስገባ መምህር ሲገኝ ደካማውም ይሮጣል። አራተኛው መንገድ ነው። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በእግር የሚሄድ ልጅ ደወሉ ሳይደወል ከዕለቱ እንቅስቃሴ ከፊሉን ፈጽሞ ይደርሳል። በውጭ አገር በመዋዕለ ሕፃናት ላይ የተደረገ ምርመራም አንድ ሕፃን በቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው የሕፃኑ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሚውልበት ቤት ዓይነት ጭምር መሆኑን አሳይቷል። አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ሲሮጡ በሌላው ተቀምጠው ይውላሉና።

አሁን እነዚህን አራት ነገሮች ይዘን ወደ ቃሊቲ እንመለስ። በማረሚያ ቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር የሚኖር ሕፃን ወደ ሱቅ የሚልከው የለም። የሚያግደው ጥጃ፣ የሚወጣው ዛፍ፣ የሚሻገረው ወንዝ የለውም። የሚተኛበት ክፍልና የሚውልበት ግቢ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። እናቱ በቈጠራ ጊዜ ስትሰለፍ አብሮ ይቆማል፤ በር ሲዘጋ አብሮ ይዘጋበታል። ስለዚህ ለውጭው ልጅ ትምህርት ቤት ከብዙ የመጠንከሪያ መንገዶች አንዱ ሲሆን ለዚህ ሕፃን ግን ብቸኛው ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ሜዳ ከሰጠው ሜዳ አለው፤ ከነፈገው የሚክሰው መንደር የለም። ትምህርት ቤት በልጅ ሰውነት ላይ ያለውን ሥልጣን በቃሊቲ እንደሚታየው ያህል ገልጦ የሚያሳይ ሌላ ስፍራ አይገኝም የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰን ነገር ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆን ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትና ጨዋታ የሕፃን መብት መሆኑን ይመሰክራል። በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ከተማ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በ12ኛው አንቀጽ ስለ ጨዋታ፣ በ30ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ታሰሩ እናቶች ልጆች ይናገራል። ይህ 30ኛ አንቀጽ እናት ስትፈረድ ከእስር ሌላ የሆነ ቅጣት አስቀድሞ እንዲታሰብ፣ እናትም ከልጇ ጋር እንዳትታሰር መንግሥታትን ያስገድዳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2003 ዓ.ም. ስለ ሴቶች እስረኞች፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ስለ እስረኞች ሁሉ ያጸደቃቸው ደንቦች ከወላጁ ጋር በማረሚያ ቤት የሚኖር ሕፃን ፈጽሞ እንደ እስረኛ እንዳይቈጠር ይደነግጋሉ። አስተዳደጉም በተቻለ መጠን በውጭ ካለው ሕፃን አስተዳደግ ጋር የተቀራረበ ይሁን ይላሉ። ለጎልማሳው እስረኛ እንኳ በየቀኑ ቢያንስ 1 ሰዓት በአየር ላይ መንቀሳቀስ ተፈቅዶለታል። ለወንጀለኛው 1 ሰዓት ከተገባው፣ ንጹሑ ሕፃን 3 ሰዓት ይገባዋል ቢባል ማን ይከራከራል?

የአፍሪካ ኅብረት ዋና ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ከርቸሌ፣ በሕዝብ አፍ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ ቤት በቆመበት ምድር ላይ ነው። የወህኒው ግንብ ፈርሶ የሕፃናትን ቻርተር ያወጣው የአህጉራችን ማኅበር መኖሪያ ሆኗል። ይህ ለአገራችን ትልቅ ምልክት ነው። ዳሩ ግን የድንጋዩ ግንብ ሲፈርስ ሌላ ግንብ በሕፃናት ዙሪያ ቆሞ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባናል። ማረሚያ ቤት በቀድሞው ስፍራ ቢቆይም፣ ወደ አዲስ ሕንፃ ቢዛወርም ነገሩ አንድ ነው። አዲስ ሕንፃ በሚታነጽበት ጊዜ የሕፃናቱ ሜዳ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ካልተሣለ በኋላ ስፍራ አይገኝለትም።

እንግዲህ የሚደረገውን በአጭሩ እናመለክታለን። በመጀመሪያ፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ የጡት ልጅ ላላት ሴት ከእስር ሌላ የሆነውን ቅጣት አስቀድመው ይመልከቱ። ከሁሉ የሚሻለው ሜዳ ከአጥር ውጭ ያለው ሜዳ ነውና። ሁለተኛ፣ እስሩ የማይቀር በሆነ ጊዜ ሕፃናቱ የሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናት ከእስረኞች መመላለሻ የተለየ፣ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ያለበት፣ ጥላ ያለው ሜዳ ይኑረው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ኳስ፣ ገመድ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ጥቂት አሸዋና አንድ ዥዋዥዌ ይበቃል። ሦስተኛ፣ በቀኑ ሥርዓት ላይ የጨዋታው ሰዓት እንደ ምግቡ ሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ዝናብና ቈጠራም ቢያቋርጡት ይካስ። አራተኛ፣ ለሕፃናቱ የሚመደበው ሰው በመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ይሁን፤ ጥበቃና ማስተማር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸውና። አምስተኛ፣ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱት በአካባቢው ወዳለው ትምህርት ቤት በሞግዚት እጅ ተይዘው በየጧቱ በእግራቸው ይሂዱ። በዚህም መንገዱን፣ ሜዳውንና የውጭ ባልንጀሮችን በአንድነት ያገኛሉ።

ይህን ስንል የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። የጥበቃ ሹማምንት ለሕፃን በር መክፈት ጸጥታን ያውካል ይሉ ይሆናል። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ በሕፃን ልብስ ውስጥ ደብዳቤ ወይም የተከለከለ ነገር ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ የሕፃኑን ክብር የጠበቀ ፍተሻና የታመነች ሞግዚት ናት። ለጠበቃና ለጠያቂ የሚከፈት በር ለ4 ዓመት ሕፃን ሊከፈት አይችልም ማለት ያስቸግራል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ከየት ይመጣል ይላሉ። እኛም ለሜዳ የሚያስፈልገው ከብሩ ይልቅ ስፍራው መሆኑን እናሳስባለን። ስፍራን የሚያካፍል ደግሞ አስተዳዳሪው ነው። ሦስተኞቹ ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነው፤ ፊደል ቢቈጥሩ ይሻላል ይላሉ። በብዙ አገሮች የተደረጉት ምርመራዎች ግን ለሰውነት ማጎልመሻ የተሰጠ ሰዓት የትምህርቱን ውጤት እንደማይቀንስ አረጋግጠዋል። ሮጦ የተቀመጠ ልጅ ተቀምጦ ከዋለው ልጅ ይልቅ ልቡን ሰብስቦ ይሰማል።

አንድ የከበደ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ይኸውም የእናቲቱ ልብ ነው። በእስር ያለች እናት ከዓለም ሁሉ የቀረላት ይህ ልጅ ብቻ ነው። በየጧቱ ከበሩ ወጥቶ ሲሄድ አይመለስልኝ ይሆን እያለች ትጨነቃለች። ይህን ጭንቀት በትእዛዝ ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ልጇ በምን መንገድ እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚይዘው፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይነገራት፤ ፈቃዷም ይጠየቅ። በመዋዕለ ሕፃናቱም ሜዳ ከልጇ ጋር የምትጫወትበት ሰዓት ይሰጣት። ልጁ ከሩጫ ሲመለስ አልቦት፣ ፊቱ አብርቶ ስታየው የምታገኘው ደስታ ምክር ሊሰጣት ከማይችለው ትምህርት ይበልጣል።

ስለ ቃሊቲ የተናገርነው ለቃሊቲ ብቻ እንዳይመስል በከተማችን ያሉትን ትምህርት ቤቶችም እንመልከት። ለመኖሪያ ቤት በተሠራ ጠባብ ግቢ ውስጥ ተከፍተው፣ ግቢውን በሲሚንቶ ደልድለው፣ የቀረውንም ለመኪና ማቆሚያ ያደረጉ ጥቂት አይደሉም። ልጁ ከቤቱ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ እስኪመሽ በወንበር ላይ ይውላል፤ በመኪና ይመለሳል። ያ ልጅ እናቱ ያልታሰረች፣ ክፍያውም የተከፈለለት ቢሆን እንኳ፣ ለእግሩ ከቃሊቲው ሕፃን ምን ያህል ይሻለዋል? መንግሥት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገቡ ትምህርት ቤት ለሥጋም ኃላፊነት እንዳለበት ማወቁን ያሳያል። ሆድን የጠገበ ልጅ የሚሮጥበት ስፍራ ሲያገኝ ሥራው ይፈጸማል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም አንዳንድ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት ልጆች ወዲያው ኳስና ብስክሌት ይዘው እንደ ወጡ ያየነው ነው። የጎደለው የልጆቹ ፈቃድ እንዳልሆነ፣ የጎደለው ስፍራ እንደ ሆነ ያ ቀን መስክሯል።

ካህናት አባቶቻችን ሆይ፤ ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ተመለሰችው ኢየሩሳሌም ሲናገር የበረከቷን ምልክት አድርጎ የቈጠረው በአደባባይዋ የሚጫወቱትን ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነው። ጌታም በፍርድ ቀን የታሰረውን መጠየቅን ከጽድቅ ሥራ ጋር ቈጥሮታል። ወደ ማረሚያ ቤት ለጸሎትና ለምክር ስትገቡ ለእናቲቱ መስቀል እንደምታሳልሟት ሁሉ ሕፃኑም ዛሬ ሮጦ እንደ ሆነ ጠይቁ። የተከበራችሁ ሹማምንትም፣ የማረሚያ ቤቱን መዝገብ በምትመረምሩበት ጊዜ የእስረኛውን ቍጥር፣ የምግቡን ሒሳብና የጥበቃውን ተራ እንደምታዩ ሁሉ ሕፃናቱ በቀን ስንት ሰዓት በሜዳ እንደ ዋሉ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ጨምሩበት። የማይመዘገብ ነገር ይረሳልና።

የእናትን ቅጣት ዳኛ ይለካዋል፤ ጊዜውም ሲፈጸም ያበቃል። በልጅነቱ ሳይሮጥ የቀረ ሕፃን ዕዳ ግን የሚፈጸምበት ቀን አልተጻፈለትም። ከአጥሩ በወጣ ጊዜ በሁለት ጠንካራ እግሮቹ ቆሞ ከእኩዮቹ ጋር እንዲሮጥ ለማድረግ ዛሬ የምንከፍለው ዋጋ ጥቂት ሜዳ፣ ጥቂት ሰዓት፣ አንድ መምህርና አንድ የጧት መንገድ ነው። ይህን መንፈግ ከሕጋችንም ከሃይማኖታችንም ጋር አይስማማም።